ነፃ ላፕቶፕም ወጪ አለው

(ለሬዲዮ አድማጮች ከቀረበ ዝግጅት የተወሰደ)

  

ውድ አድማጮቻችን! የዛሬው ርእሳችን ከኢማም አፍ የማይጠበቅ ሊመስላችሁ ይችላል። የምንነጋገረው ስለ ላፕቶፕ ነው። አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር፣ የመስጂድ ጀመዓ ወይም የየቲሞች መርጃ ኮሚቴ ላፕቶፕ በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ከየት ያገኛል? ሲያገኝስ ምኑን አይቶ ይቀበላል? ከተቀበለ በኋላስ እንዴት ይይዘዋል? እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ከዚያ በፊት ግን ርእሱን እንድናነሣ ያስገደደንን ነገር እናጫውታችሁ።

በሸዋሮቢት ከተማ ጥቂት ሆነን የቲሞችን የምንረዳበት አነስተኛ ጀመዓ አለን። የልጆቹ ስም፣ የአሳዳጊዎቻቸው አድራሻ፣ የሚማሩበት ክፍል፣ በየወሩ የወሰዱት እህልና ገንዘብ የተመዘገበው በአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነበር። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ሁሉም ነፍሱን ይዞ ወጣ። ስንመለስ ኮምፒውተሯ በቦታዋ አልነበረችም። በዚያ ወቅት ሰው ከሞተበትና ቤቱ ከጠፋበት ጋር ሲነጻጸር የአንዲት ኮምፒውተር መጥፋት ምንም አይደለም። ነገር ግን አብሯት የጠፋው መዝገብ ነበር፤ ሌላ ቅጂ አላስቀመጥንም። ዝርዝሩን እንደገና ለመሥራት ከቤት ወደ ቤት ስንዞር ከረምን። አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው፣ «ስሜን ዳግመኛ የምትጠይቁኝ ልታስቀሩኝ ነው እንዴ?» ብለው ሲያለቅሱ መልስ አጣን። ጥፋቱ የእኛው ነበርና።

ከዚያ በኋላ ላፕቶፕ ፍለጋ ጀመርን። ስሙን የማናነሣው አንድ ሰጪ፣ «በነፃ ነው፣ መጥታችሁ ውሰዱ» አለን። ከደስታችን ብዛት አንዳች ሳንጠይቅ መኪና ተኮናተርን። አሥራ አንድ ላፕቶፖችን ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል አጓጉዘን፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት አውርደን ሸዋሮቢት አደረስናቸው። ባለሙያ ሲያያቸው አራቱ ቻርጀር የላቸውም፤ ሦስቱ በይለፍ ቃል ተቆልፈዋል፤ የሁለቱ ስክሪን ተሰብሯል። የሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው። የመኪናውና የባለሙያው ሒሳብ ለጀመዓው ሲቀርብ አንድ አዛውንት ነጋዴ፣ «ኡስታዝ፣ ነፃ ነው አላላችሁንም እንዴ? ታዲያ ይህ ሁሉ ብር ወዴት ሄደ?» አሉ።

የዛሬው ዝግጅታችን ለእኚህ አባት ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ለምን ያስፈልገናል?

«የቲም የሚፈልገው ዳቦ እንጂ ላፕቶፕ አይደለም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ዳቦው እንደሚቀድም አንከራከርም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ነፃ ሥልጠና በይፋ ተከፍቷል። ሥልጠናው ነፃ ነው፤ መማሪያ ማሽን የሌለው ልጅ ግን በምን ይማረዋል? በቆላው ይፋት ማሾ ሲለቅምና ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ፣ ማውስ በእጁ ይዞ የማያውቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮምፒውተር ጋር የሚተዋወቀው የወደፊት ሕይወቱ በሚወሰንበት በፈተናው ቀን ከሆነ፣ የሚፈተነው በትምህርቱ ብቻ አይደለም። ከዐስር እስከ መግሪብ ባለችው ሰዓት አምስት ላፕቶፖች ቢኖሩን ይህን ክፍተት ማጥበብ እንችላለን።

ከመጠየቃችን በፊት

የመጀመሪያው ሥራ ሰጪ መፈለግ አይደለም። ቁጭ ብሎ በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ ነው። ስንት ማሽን? ለምን ሥራ? የት ይቀመጣል? ማን ይረከባል? ማን ያስተምራል? «ላፕቶፕ ስጡን» የሚል ደብዳቤ የማንንም ልብ አያንቀሳቅስም። «አምስት ላፕቶፕ እንፈልጋለን፤ አንዱ ለየቲሞች መዝገብ፣ አራቱ ለተማሪዎች መለማመጃ፤ የሚረከበው እገሌ ነው፤ በየስድስት ወሩ ሪፖርት እንልካለን» የሚል ግን ይነበባል። ቁጥሩ አነስተኛ ሲሆን ሰጪም ይደፍራል፤ እኛም ልንይዘው እንችላለን።

«ዴስክቶፕ ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ዴስክቶፕ ርካሽ ነው፤ ለመጠገንም ይቀላል። ይሁን እንጂ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው ይቋረጣል። ላፕቶፕ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ መብራት በሌለበት ሰዓትም ያሠራል፤ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ያነሰ ነው፤ ማታ በሳጥን ተቆልፎ ያድራል። ክፉ ቀን ቢመጣም በትከሻ ተይዞ ይወጣል። እኛ ይህን የተማርነው በውድ ዋጋ ነው።

ከየት ይገኛል?

አንደኛ፦ ከቅርብ ሰው። ብዙዎቻችን አርቀን ስንመለከት በአቅራቢያችን ያለውን አናይም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚነግዱ የይፋት ልጆች ብዙ ናቸው። አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ቁም ሣጥን ውስጥ ጥለውታል። ከጁሙዓ በኋላ በሚነገር አንድ ማስታወቂያ ሁለት ሦስት ማሽን ማግኘት ይቻላል። ከዚህ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ሰጪውን ማወቃችን ነው፤ ቻርጀሩን ረስቶ ከሆነ ደውለን እንጠይቀዋለን።

ሁለተኛ፦ ከመሥሪያ ቤቶችና ከባንኮች። እነዚህ ተቋማት ኮምፒውተሮቻቸውን በየጊዜው ይቀይራሉ። የግል ድርጅት ከሆነ ኃላፊው ወይም ቦርዱ ሲፈቅድ በስጦታ ሊሰጥ ይችላል። የመንግሥት ንብረት ግን በአንድ ኃላፊ መልካም ፈቃድ ብቻ አይወጣም፤ የንብረት አወጋገድ ሥርዓት አለው። ስለዚህ ወረቀቱ ያልተሟላ ስጦታ ቢመጣላችሁ አትቀበሉ፤ ነገ በሌብነት ያስጠይቃልና። ብዙዎቹ ያገለገሉ ዕቃዎቻቸውን በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥተው በጨረታ ይሸጣሉ። ጨረታው በጅምላ ስለሚሆን አንድ አነስተኛ ጀመዓ ብቻውን አይችለውም፤ ሁለት ሦስት ማኅበራት ተባብረው ቢገቡ ግን ይችላሉ። ዕቃውን ሳያዩ ዋጋ መስጠት ግን አይገባም።

ሦስተኛ፦ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ከሚያድሱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች። ካማራ የሚባለው ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን የተመሠረተ ሲሆን፣ ለመመሥረቱ ምክንያት የሆነው መሥራቹ በኢትዮጵያ ያየው ችግር ነው። ካማራ ከድርጅቶች የሚለገሱትን ኮምፒውተሮች አጽድቶና አድሶ፣ የትምህርት ሶፍትዌር ጭኖ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለአፍሪካ ትምህርት ቤቶች ሲያደርስ ኖሯል። ኮምፒውተር ኤይድ ኢንተርናሽናል የተባለው የእንግሊዝ ድርጅትም ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ልብ በሉ! እነዚህ ድርጅቶች ማሽኑን በልገሳ ቢያገኙትም ለማደሻና ለማጓጓዣ የሚሆን ወጪ ተቀባዩ እንዲጋራ ሲያደርጉ ኖረዋል። ካማራ ከማሽኑ ጋር የአስተማሪዎች ሥልጠናም ይሰጥ ነበር። በዚህ ሥራ ረጅም ዘመን የቆዩት እነርሱ «ሙሉ በሙሉ ነፃ» ብለው እንዳልተነሡ ስናይ፣ የአዛውንቱ ጥያቄ መልስ ከዚህ ይጀምራል።

አራተኛ፦ በውጭ አገር ካሉ ወገኖቻችን። አሁን አንድ ምቹ አጋጣሚ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን የማይቀበሉ፣ ነገር ግን ገና ብዙ ዓመት መሥራት የሚችሉ ላፕቶፖች በአውሮፓና በአሜሪካ ከየቢሮው እየወጡ ነው። እዚያ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች በመሥሪያ ቤታችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት አይጠፋም። ሆኖም ሁለት ነገር እናሳስባችኋለን። «ስጦታ ነው» ማለት ብቻ ከቀረጥ አያድንም። በብዛት ከመላካችሁ በፊት ተቀባዩ ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጡ፤ የጉምሩክን መመሪያም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያልተመዘገበ ጀመዓ ከተመዘገበ ማኅበር ጋር ቢጣመር ይሻላል። ሁለተኛ፣ በአውሮፕላን ስትመጡ ከላፕቶፑ የተለየ ትርፍ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ይያዛል።

አምስተኛ፦ ያገለገለ መግዛት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲታሰብ ተወድዷል። ቢሆንም በአዲስ አበባ ሱቆች ከዱባይ የመጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ይገኛሉ። ለቢሮ ተብለው የተሠሩት ጠንካሮች ናቸው፤ መለዋወጫቸውም በቀላሉ ይገኛል። የተለያየ ዓይነት አምስት ከመግዛት አንድ ዓይነት አምስት መግዛት ይመረጣል፤ የአንዱ ቻርጀር ለሌላው ይሆናልና። ደረሰኝና የዋስትና ጊዜ ሳትይዙ ከሱቅ አትውጡ።

ሳናይ አንቀበል

አባቶቻችን በአሊዩ አምባ ገበያ አሞሌ ጨው ሲቀበሉ ጫፉ የተሸረፈውን ከሙሉው ለይተው ነበር። የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይወርዳል። እኛ ግን «የስጦታ ፈረስ ጥርሱ አይታይም» እያልን የተሸረፈውን እንጭናለን። ስለዚህ ከሰጪው ቤት ሳይወጣ እነዚህን እንይ።

ማሽኑ ይከፈታል ወይ? የራሱ ቻርጀር አለው ወይ? ቻርጀሩ ሲነቀል ባትሪው ስንት ደቂቃ ይቆያል? ሲከፈት የይለፍ ቃል ይጠይቃል ወይ? ከጠየቀ ባለቤቱ እዚያው እንዲያነሣው ይደረግ፤ በድርጅት የተቆለፈ ማሽን ድርጅቱ ካልፈታው ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው። ከኪቦርዱ የማይሠራ ፊደል አለ ወይ? ስክሪኑስ? ራሙ ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ይሁን፤ 8 ቢሆን ይመረጣል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ በኤስኤስዲ ቢቀየር ያዘግም የነበረው ማሽን ሩጫ ይጀምራል። ለእድሳት ከሚወጣ ገንዘብ ይህን ያህል የሚጠቅም የለም።

ለሶፍትዌርም ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ የተሰረቀ መጫንም አይገባንም። ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የሚባሉት ስርዓቶች በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ዊንዶውስ 11ን በማይችል ማሽን ላይም በደንብ ይሠራሉ። ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሊብሬ ኦፊስ አለ። በአማርኛ ለመጻፍ ኪይማን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፃ ሆኗል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያንና ሌሎች መማሪያዎችን ጭኖ ማምጣት ብልህነት ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ይነበባሉና።

ከማሽኑ በፊት ሰው

በ2005 እ.ኤ.አ. «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ታወጀ። የታሰበው ዋጋ 100 ዶላር ነበር፤ ማሽኑ በ2007 ሲመረት ግን 200 ዶላር ገደማ ደረሰ። ወደ አገራችንም በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖች ገብተው በአዲስ አበባና በገጠር ላሉ ተማሪዎች ተሰጥተዋል። ልጆቹ ወደዷቸው። አስተማሪዎቹ ግን በቂ ዝግጅት ስላላገኙ በክፍል ውስጥ ማሽኑን እንደ መጫወቻና እንደ ረባሽ የተመለከቱት ነበሩ። ማሽኑ ቀደመ፤ ሰው ዘገየ። ስለዚህ ላፕቶፑ ከመምጣቱ በፊት በሳምንት ሦስት ቀን የሚያስተምር አንድ ወጣት እናዘጋጅ። ኮሌጅ ጨርሰው ሥራ የሚጠብቁ ልጆቻችን ጥቂት አይደሉም። የትራንስፖርቱን ቢሸፍኑለት ደስ ብሎት የሚያገለግል ይገኛል።

ዕቃው አማና ነው

ውድ አድማጮቻችን! ላፕቶፑ ከእጃችን ከገባ በኋላ የእኛ አይደለም፤ አማና ነው። ሲገባ በሞዴል 19፣ ለሌላ ሲሰጥ በሞዴል 22 ይመዝገብ። ጀመዓው ሞዴል ባይኖረው እንኳ የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ የሰጪው ስምና የተቀባዩ ፊርማ ያለበት ደብተር አይጥፋ። የኮሚቴ አባል ቤት ወስዶ ለልጁ ፊልም ማሳያ ቢያደርገው የቲሙን ሐቅ ነክቷል።

ሰጪውም ኒያውን ይናገር። «ወቅፍ ነው» ካለ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ለታሰበለት አገልግሎት ይውላል። «ከፈለጋችሁ ሸጣችሁ ለየቲሞቹ አውሉት» ካለም በጽሑፍ ይያዝ። ከዘካ ገንዘብ ላፕቶፕ ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ ዘካ የተወሰኑ ስምንት ባለመብቶች እንዳሉት አስታውሱ፤ ዑለሞችን ሳትጠይቁ አትንኩት። ለዚህ ሥራ ሶደቃ ይበቃል።

የሰው ምስጢርም አማና ነው። በተለገሰ ማሽን ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ፎቶና ደብዳቤ ሊገኝ ይችላል። ሳይታይ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። የእኛም የየቲሞች መዝገብ በይለፍ ቃል ይጠበቅ። ከሁሉም በላይ ቅጂ ይኑረው፦ አንድ በላፕቶፑ፣ አንድ በፍላሽ በሌላ ሰው ቤት፣ አንድ በወረቀት ታትሞ በሳጥን። ያቺ እናት በራቸው ላይ ያለቀሱት ይህን ባለማድረጋችን ነው።

ስለ ቆላችንም አንድ ቃል እንበል። ሸዋሮቢት ሞቃትና አቧራማ ናት። ሙቀት ባትሪን ይገድላል፤ አቧራ ማቀዝቀዣውን ይደፍናል። ላፕቶፕ በምንጣፍና በፍራሽ ላይ አይቀመጥ፣ ከታች አየር ይግባው። ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ አይተው። በዓመት ሁለት ጊዜ ባለሙያ ከፍቶ አቧራውን ያራግፈው። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል የሚከላከል ማረጋጊያ ይኑር። ለረጅም ጊዜ የማንጠቀምበት ከሆነ ባትሪው በግማሽ ተሞልቶ ይቀመጥ።

ዕድሜውን ሲጨርስስ? በሜዳ አይጣል፣ አይቃጠል። በውስጡ እርሳስና ሌሎች መርዛማ ነገሮች አሉ፤ ባትሪው ሲመታ ወይም ሲጋል በእሳት ይያያዛል። በአገራችን የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል። በዓለም ደረጃም የባዝል ስምምነት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያለ ተቀባዩ አገር ስምምነት ድንበር እንዳይሻገር ደንግጓል። እንግዲህ የማይሠራ ማሽን በስጦታ ስም ሲመጣልን «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብን» ማለት ነውር አይደለም። ሰጪውን አናስቀይምም፤ የሚሠራ እንዲሰጠን እንለምነዋለን።

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ። «ነፃ ነው አላላችሁንም እንዴ?» ብለውን ነበር። አዎ፣ ማሽኑ ነፃ ነበር። መኪናው፣ ባለሙያው፣ ቻርጀሩ፣ ኤስኤስዲው፣ የአስተማሪው ትራንስፖርት ግን ነፃ አልነበሩም። ጥፋታችን ወጪው መኖሩ አይደለም፤ አስቀድመን ሳናሰላውና ለጀመዓው ሳንናገር መቅረታችን ነው። ዛሬ ማንኛውም ስጦታ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጽፈው የሚያስወጣንን ነው። ሒሳቡን የሚይዙትም እኚሁ አባት ናቸው።

ከአሥራ አንዱ ሁለት ሠርተው ነበር። ከተበላሹት የወጣው መለዋወጫና ኋላ ከቅርብ ወገኖች የተገኘው ተጨምሮ አሁን አምስት ሆነዋል። ከዐስር በኋላ ልጆች በየተራ ይቀመጡባቸዋል። ባለፈው ሰሞን የዚያች እናት ልጅ ስሟንና የእናቷን ስም በአማርኛ ጽፋ፣ በወረቀት አሳትማ ለእናቷ ወሰደችላቸው። እናትየው ወረቀቱን ይዘው ወደ እኛ መጡና፣ «አሁንስ አልጠፋም አይደል?» አሉን።

አላህ በእጃችን ያለውን አማና ጠባቂዎች፣ የሰጠንን በአግባቡ የምናውል ያድርገን። ሰጪዎችንም ይካሳቸው። ኣሚን።